የአስራ አምስት ማልያ ተራ

ልጄ በቀደም ደውሎ ሲያማርርብኝ ቆየ። የእሱ ልጅ በተራው ኳስ ክለብ ሊገባ ነው። መመዝገቢያ ተብሎ ይከፈላል፣ በየወሩ ይከፈላል፣ ማልያና ቱታ ደግሞ ለብቻው ይከፈላል። «ኳስ ለመጫወት ይሄ ሁሉ ምንድን ነው?» አለና፣ «ለመሆኑ አንቺ ለእኔ ስንት ነበር የከፈልሽው?» ሲል ጠየቀኝ።

«ምንም» አልኩት። እውነቴን ነው፤ አምስት ሳንቲም የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ያ ክለብ ያስከፈለኝን ነገር ግን ከአንዲት ሴት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም፤ ለልጄም ቢሆን። ጡረታ ከወጣሁ ቆይቻለሁ፣ በዚህ ዕድሜ የሚያሳፍረኝ ነገር እየቀነሰ ነው የመጣው። ይሄኛው ግን እንዳለ ነው።

አሶሳ የገባሁት ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው። ባለቤቴ በሕመም ከሞተ በኋላ ደብረ ማርቆስ መኖር አስጠላኝና ዝውውር ጠየቅኩ፤ ታይፒስት የሚፈልግ የተገኘው አዲሱ ክልል ነበር። ሁለት ሻንጣና አንድ የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ይዤ ከአውቶቡስ ስወርድ የጠበቀኝ ቀይ አፈር፣ የማንጎ ዛፍና ሙቀት ነው። ቢሮዎቹ ገና እየተደራጁ ነበር። አንዳንዱ ክፍል ወንበር ሳይኖረው ማኅተም ነበረው። የጽሕፈት መኪናው አንድ ሆኖ ሦስት ክፍል ያገለግላል፤ እኔም እንደ መኪናው አንድ ሆኜ ሦስቱን አገለግላለሁ። ሹመት፣ ዝውውር፣ ምደባ፣ የስብሰባ ጥሪ፤ ክልሉ በሙሉ በእኔ ጣት የሚያልፍ እስኪመስለኝ ድረስ ስጽፍ እውላለሁ። ደመወዝ የሚመጣው በጀት ሲለቀቅ ነው፤ በጀት ደግሞ የሚለቀቀው ሲለቀቅ ነው።

ስለ ሥራዬ አንድ ነገር ማስረዳት አለብኝ፤ ያለዚያ የቀረው አይገባም። በእጅ ተጽፎ የሚመጣልኝን ረቂቅ እንዳለ አልገለብጥም ነበር። አለቆቼ አብዛኞቹ ከማስተማር ወይም ከወረዳ ሥራ በቀጥታ ተነሥተው ወንበር ላይ የተቀመጡ ሰዎች ናቸው፤ አማርኛ ለብዙዎቹ በትምህርት ቤት የተማሩት ቋንቋ ነው። «አንቺ አስተካክይው» ብለው ነው የሚሰጡኝ። የጎደለውን እሞላለሁ፣ የተደገመውን አወጣለሁ፣ ሰላምታ ከሌለው ሰላምታ እጨምራለሁ። በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ደግሞ ይታመናል፤ ሳያነቡ የሚፈርሙ ይበዛሉ። እንደዚያ ነበር የምንሠራው፤ ጥፋት ነው ያለም አልነበረም።

ልጄ የመጀመሪያዎቹን ወራት ከቤት አልወጣም ብሎኝ ነበር። ከትምህርት ቤት ይመጣል፣ አልጋው ላይ ይጋደማል፣ ግድግዳ ያያል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ደክሞኝ ነው» ይላል። የአስራ ሁለት ዓመት ልጅ ምን አባቱ ደከመው! ድካሙ የእኔ ነበር፤ ከእኔ የተጋባበት ይመስለኛል። አንድ ቀን ከቤታችን ጀርባ ባለው ሜዳ ዳር ቆሞ፣ በቀርከሃ በተተከለ ጎል ልጆች ሲራወጡ ሲያይ አገኘሁት። በማግስቱም እዚያው ቆመ። በሦስተኛው ቀን አንድ ቀጠን ያለ የአገሬው የበርታ ልጅ ወደ ውጭ የወጣ ኳስ ሊያነሣ መጣና፣ ኳሱን በአንድ እጁ፣ የልጄን ክንድ በሌላ እጁ ይዞ ወደ ሜዳው ገባ። ያን ማታ ልጄ እራት ላይ ሲያወራ አመሸ። እኔም ደስ ብሎኝ የሚለውን እንኳ ሳልሰማ አየዋለሁ።

ክለቡን የሚመራው አንድ የአንደኛ ደረጃ መምህር ነበር፤ በልጅነቱ ከሰፋሪዎች ጋር ከወሎ የመጣ፣ ንግግሩ ከነወሎነቱ የቀረ ወጣት። ላስመዘግብ ሄጄ ክፍያው ስንት እንደሆነ ጠየቅኩት።

«ኧረ ምን ክፍያ አለና፣ እህት አለሜ! ሸራ ጫማ ካለው በጫማው፣ ከሌለው በእግሩ። የቤተሰብ ድርሻ ልብስ ማጠብ ብቻ ነው።»

«የልጄን ልብስማ አጥባለሁ» አልኩት።

«የሁሉንም ነዋ» አለኝ እየሳቀ።

ማልያዎቹ አስራ አምስት ናቸው። ሸርቆሌ ስደተኞች መጠለያ ካለ አንድ የረድኤት ድርጅት መምህሩ ደጅ ጠንቶ ያመጣቸው ሲሆኑ ሁሉም ነጭ ነበሩ። ለአሶሳ ሜዳ ነጭ ማልያ የሰጠ ሰው አሶሳን በዓይኑ አላየም ማለት ነው። እሑድ ጨዋታው ሲያልቅ ልጆቹ ማልያውን፣ ቁምጣውንና ካልሲውን አውልቀው ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ይጠቀጥቁታል። ከረጢቱ ተራ ወደ ደረሰው ቤት ይሄዳል፤ ሐሙስ ታጥቦና ደርቆ ለመምህሩ ይመለሳል። እናቶቹ እንኳ በስም አንተዋወቅም፤ በልጆቻችን ቁጥር ነው የምንጠራራው። የሁለት ቁጥር እናት፣ የዘጠኝ ቁጥር እናት። እኔ የአስራ አራት ቁጥር እናት ነበርኩ። አስራ አራት ማለት ተጠባባቂ ማለት ነው፤ ልጄ አርፍዶ ስለገባ የተረፈውን ቁጥር ነው ያገኘው። ያ ክንዱን ይዞ ያስገባው ልጅ አስራ አንድ ቁጥር ነበር፤ በግራ ክንፍ ሲሮጥ የሚይዘው የለም።

ማጠቡን ላላጠበው ሰው እንዴት ልንገረው? ከሥራ መጥቼ ጀሪካኖቼን ይዤ ቦኖ እሰለፋለሁ። ውሃው ሲመጣ ይመጣል፣ አንዳንድ ቀን እኔ ጋ ሊደርስ ሁለት ሰው ሲቀረው ቀጥ ይላል። ቀይ አፈር በአንድ እጥበት አይለቅም፤ መጀመሪያ ማራስ፣ ከዚያ በሳሙና ማሸት፣ ከዚያ በረኪና፣ ከዚያ ሦስት ጊዜ ማለቅለቅ ነው። ካልሲውንማ አታንሱብኝ። በረኪናው ጣቶቼን ይሰነጣጥቀኛል፤ ጠዋት የጽሕፈት መኪናውን ፊደል ስመታ የጣቴ ጫፍ እሳት ይሆናል። አንድ ቀን የሹመት ደብዳቤ ላይ ደም ነክቶ ሌላ ጻፊ ተባልኩ።

ተራው በአፍ የሚኬድ ነበር፤ የተጻፈ ነገር አልነበረውም። የቻለ ያጥባል፤ ያልቻለ ደግሞ ለሚያጥበው ውሃ ይቀዳለታል፣ ወይም በሌላ ሳምንት ይክሳል። የአስራ አንድ ቁጥር እናት የበርታ ሴት ነች። ከከተማው ራቅ ብሎ ማሽላና ለውዝ የምታመርትበት እርሻ አላት፤ ማሽላው መድረስ ሲጀምር ዝንጀሮና ወፍ ስለሚጨርሰው ሳምንታት እዚያው ታድራለች። በዚያ ወቅት ተራዋ ቢደርስ አትገኝም። በጋ ሲሆን ግን ሳትጠየቅ መጥታ ሁለት ሦስት ተራ በላይ በላዩ ታጥብ ነበር፤ ያጠበችው ማልያም ከሁላችንም ይልቅ ይነጣል። የጎደለ ነገር ነበር ለማለት አልችልም።

ችግሩ ቤቴ ነው። ቤቴ ከሜዳው አጥር ጋር የተያያዘ ነበር። ያልተገኘች እናት ከረጢት የሚያርፈው እኔ በር ላይ ነው። «አንቺ ቅርብ ነሽ» ይሉኛል። ቅርብ በመሆኔ በሁለት ወር ውስጥ አራት ጊዜ አጠብኩ። አምስተኛው ሲመጣ ከሥራ ተመልሼ በሬ ላይ ያንን ከረጢት ሳየው ደረጃው ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ያዘንኩ አይምሰላችሁ፤ በንዴት ነው ያለቀስኩት። በዚያች ሰዓት የአስራ አንድ ቁጥርን እናት ጠላኋት። እኔ እዚህ በረኪና ውስጥ ስነከር እሷ እርሻዋ ላይ ጥላ ሥር ተጋድማ ታየችኝ። ማሽላ ጥበቃ ምን እንደሚመስል አላውቅም፤ ለማወቅም አልሞከርኩም።

በዚያው ሰሞን ክልሉ የታዳጊዎች የእግር ኳስ ውድድር ግልገል በለስ ላይ ሊያደርግ ነው ተባለ። ከአሶሳ ግልገል በለስ በአንድ ክልል ውስጥ ነው ሲባል ቅርብ ይመስላል፤ መንገዱ ግን ከክልላችን አውጥቶ ወለጋን ያሻግርና በጎጃም አዙሮ ነው ተመልሶ ክልላችን የሚያስገባው። ልጆቹ አበዱ። ከእኔ ልጅ በቀር ከመካከላቸው ከጎረቤት ከተማ ከባምባሲ አልፎ የሄደ አልነበረም። ለመሳተፍ ግን ክለቡ የተጻፈ የውስጥ ደንብ ማቅረብ አለበት። በዚያን ጊዜ ሁሉ ነገር የተጻፈ ደንብ ይጠየቅ ነበር፤ ዕድርም ሆነ የቀበሌ የወጣት ቡድን ደንብ ያረቅቃል።

መምህሩ በእርሳስ የጻፋትን ግማሽ ገጽ ይዞልኝ ቢሮ መጣ። «እህት አለሜ፣ አንቺው አስተካክለሽ ጻፊልኝ» አለኝ። አራት ነጥብ ነበራት፤ ሰዓት ማክበር፣ አሰልጣኝ ማክበር፣ አለመጣላት፣ ትምህርት አለመቅረት። ለምሳ ሁሉም ሲወጣ ቁጭ ብዬ መታሁት። አራተኛውን ጨርሼ ጣቶቼን አየኋቸው። ከዚያ አምስተኛውን ጻፍኩ፤ «ተራው ደርሶ የቡድኑን ልብስ በተባለው ቀን በሚገባ አጥቦ ያላስረከበ ቤተሰብ ልጁ በሚቀጥለው ጨዋታ አይሰለፍም።» ያዘዘኝ ሰው የለም። ጥሩ አድርጌ ነው የጻፍኩት፤ የመምህሩን አነጋገር የሚመስል፣ የማያሻማ። ስጽፈው ደስ ብሎኝ ነበር፤ ይህን መደበቅ አልፈልግም።

መምህሩ መጨረሻ ላይ ያለችውን የፊርማ ቦታ ብቻ ፈልጎ ፈረመ። ማኅተም አረፈበት። አንዱ ቅጂ ወደ ውድድሩ አዘጋጆች ሄደ፣ አንዱ ከተራው ዝርዝር ጋር ኳስ በሚቀመጥበት የትምህርት ቤቱ ዕቃ ቤት በር ላይ ተለጠፈ። እናቶቹ ሲያነቡት፣ ወይም ሲነበብላቸው፣ ከላይ የመጣ መመሪያ መሰላቸው። ከዚያ ወዲያ ያልታጠበ ከረጢት እኔ በር ላይ አርፎ አያውቅም። ለአንድ ወር ያህል ከሥራ ስመለስ በጊዜ እተኛ ነበር። እንቅልፉ እንዴት ይጥም እንደነበር አሁንም አልረሳሁትም።

ወደ ውድድሩ ለመሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀር ተራው አስራ አንድ ቁጥር ጋ ደረሰ። ጊዜው ማሽላ የሚጠበቅበት ነው፤ እናቱ እርሻ ላይ ነች። ልጁ ከረጢቱን ተሸክሞ ቤቱ ወሰደ። ለእናቱ ቢነግራት ማሽላውን ጥላ እንደምትመጣ ያውቃል፤ ስለዚህ አልነገራትም። ራሱ ወንዝ ወርዶ ያለ በረኪና፣ በቁራጭ ሳሙና፣ አስራ አምስቱንም አጠበና ሣር ላይ አሰጣው። ሐሙስ ይዞ ሲመጣ ማልያዎቹ የአፈሩን መልክ ይዘው ነበር። አንዱ እጅጌው ላይ ተቀዷል። ልጁ ግን ኮራ ብሎ ነው ያስረከበው፤ ጥሩ ያጠበ መስሎታል።

ቀደም ሲል ቢሆን ምን ይሆን ነበር? አንዷ እናት፣ ምናልባትም እኔ፣ እያጉረመረምን በረኪና ውስጥ እንነክረውና ነገሩ በዚያው ያልቃል። አሁን ግን ደንብ አለ። መምህሩ፣ ከወላጆች የተመረጡ ሁለት አባቶችና እኔ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ተሰበሰብን። እኔ ጸሐፊ ነበርኩ። ማልያዎቹ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግተዋል።

«አንቺ አንብቢልን እስቲ፣ ምን ነበር የሚለው?» አለ መምህሩ።

አነበብኩ። መምህሩ ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ቆየ። ምርጥ ተጫዋቹ ነው። «እኔ ይሄን መቼ ነው የጻፍኩት?» ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ያን ጊዜ እናገር ነበር ብዬ ራሴን ስደልል ኖሬያለሁ። አልጠየቀም። ፊርማው ሥሩ አለ፤ ጽፌ ረስቼው ይሆናል ብሎ ይመስለኛል። አንደኛው አባት፣ «ልጅ ነው፣ እንለፈው» አለ። ሌላኛው ደግሞ፣ «ባለፈው የእኔን ሚስት አራስ ሆና አላለፋችኋትም፤ ሰው ቀጥረን ነው ያሳጠብነው። ለእሱ ከታለፈ ደንቡ ይቀደድ» አለ። እውነቱን ነው፤ ይህን አልሰማሁም ነበር። የምተኛባቸው ምሽቶች የማን እንደነበሩ ያን ዕለት ነው ያወቅኩት።

የእሑዱ ጨዋታ ለጉዞው ዝግጅት ተብሎ ስለተተወ፣ የሚቀጥለው ጨዋታ የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ነበር። መኪናው ላይ የተፈቀደው ለአስራ ሦስት ልጅ ብቻ ስለሆነ፣ መጀመሪያ ጨዋታ ላይ የማይሰለፍ ልጅ ይዞ ሦስት ቀን መጓዝ አይቻልም ተባለ። አስራ አንድ ቁጥር ቀረ። በቦታው አንድ ተጠባባቂ ይጨመራል። መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እንግዲህ አስራ አራት ቁጥር ይሂድ» አለ።

ይህን አስቤ አልጻፍኩትም። ስጽፈው የፈለግኩት እንቅልፍ ብቻ ነው። ግን ማታ ልጄ ሲሰማ እንዴት እንደዘለለ አይቻለሁ፤ ጣሪያውን በእጁ ሊነካ ምንም አልቀረውም። ከዚያ በአንድ ጊዜ ቆመና፣ «ማን ቀርቶ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ቁጭ አለ። «ደንቡ ነው» አልኩት። «ደንብ ከሆነ...» አለና ሳይጨርስ ቀረ። ጠዋት ተነሥቶ ግን ሸራ ጫማውን ሲያጥብ አገኘሁት።

በማግስቱ ይሁን በሦስተኛው ቀን የአስራ አንድ ቁጥር እናት ቢሮዬ መጣች። ወሬው እርሻዋ ድረስ ደርሷት በእግሯ ነው የመጣችው። ጠረጴዛዬ ላይ በላስቲክ የቋጠረችውን ለውዝ አስቀመጠች፤ እኔ ተቀመጪ ሳልላት ቆማ ቀረች። አማርኛዋ ገበያ ላይ የተለመደ አማርኛ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «አንተ» ትላለች። እኔ ደግሞ በእሷ ቋንቋ ከሰላምታ በላይ አላውቅም።

«አንተ ወረቀት ይጽፋል ይላሉ» አለችኝ። «ሰው ሁሉ ይላል፣ ታይፕ ያለው እሱ ነው።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ የምጽፈው።»

«ልጅ ጥፋት የለም። እኔ እርሻ ነው። ወላሂ አልሰማም ልብስ መጣ። ሌላ ወረቀት ጻፍ። እኔ ያጥባል ጻፍ፤ ዓመት ሙሉ እኔ ብቻ ያጥባል። ልጅ ይሂድ።»

ጽሕፈት መኪናው ፊቴ ነው። ወረቀት ገብቶበታል። ሌላ ደብዳቤ ስለነበር ማውጣት ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንድ አረፍተ ነገር ለመጻፍ፣ ወይም አንድ ነጥብ ለማውጣት፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅብኝም። መምህሩም ደስ ብሎት ይፈርም ነበር። ልጄን አሰብኩት፣ ግድግዳ ሲያይ። ከዚያ አፌን ከፍቼ፣ «ደንቡ የኮሚቴው ነው፣ እህቴ። እኔ ታይፒስት ነኝ፤ የተሰጠኝን ነው የምመታው» አልኩ።

አመነችኝ። «ማሊሽ» አለች፤ ምንም አይደል ማለቷ ነው። ለውዙንም ትታልኝ ሄደች። ልመልስላት ብዬ ደጅ ስወጣ ርቃ ነበር። ለውዙን ለቢሮ ሰው አከፋፈልኩት፤ እኔ አልቀመስኩም።

ቡድኑ ሄደ። እኔ ያንን ሰሞን እንደ ልቤ አልተኛሁም፤ ሙቀቱ ነው እያልኩ አሳበብኩ። ሲመለሱ በሁለተኛው ጨዋታ ተሸንፈው ነው የመጡት። ልጄ ስለ መንገዱ፣ ስለ ድልድዩ፣ ግልገል በለስ ላይ ስለ በላው ነገር ሁሉ አወራ። እሱ ራሱ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫውቷል። ስለ አስራ አንድ ቁጥር አላነሣም፤ ከዚያ በኋላም ሁለቱ አብረው ሲሄዱ አላየሁም። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም፤ ልጄም ያኔም ሆነ ዛሬ አልነገረኝም።

የመንገዱ አቧራና የሁለት ጨዋታ ላብ የተጠቀጠቀበት ከረጢት ማን ጋ እንደሚሄድ አላሰብኩበትም ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ጀሪካኖቼን ይዤ ቦኖ ስሄድ የአስራ አንድ ቁጥር እናት ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ ሁለት ሳፋ ፊቷ አድርጋ ታጥባለች። ያላጠበ መጀመሪያ ይክሳል ተብሎ ዝርዝሩ ላይ ቁጥሯ እንደገና ተጽፏል። ከእርሻ ሌሊቱን ተጉዛ ነው የመጣችው። ልጇን ማሽላው ላይ በእሷ ቦታ ትታዋለች።

ስታየኝ ፈገግ አለች። ነጭ የሆነ ማልያ ከፍ አድርጋ አሳየችኝ። «አሁን ጥሩ ነው? አሁን አጠበ። ልጅ ይሰለፋል?»

ውድድሩ አልቋል። የእሑዱም ጨዋታ ከእሱ ጋር ስለተዘጋ እስከሚቀጥለው ዓመት ጨዋታ የለም፤ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ልጇ ከታዳጊ ዕድሜ ያልፋል። ይህን ለእሷ የነገራት አልነበረም። ጀሪካኖቼን አስቀመጥኩና ጎኗ ቁጢጥ ብዬ ነገርኳት። ጨዋታ እንደሌለ ነገርኳት፤ ዕድሜውን ነገርኳት። ከዚያ ድፍረቱን ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «ያንን ነጥብ የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «መምህሩ አይደለም፣ ኮሚቴውም አይደለም። ከራሴ ነው የጨመርኩት። ቢሮ ስትመጪም ዋሽቼሻለሁ።»

ወዲያው አልገባትም መሰለኝ። ደግሜ፣ ቀስ ብዬ፣ በቀላል ቃል ነገርኳት። እጆቿ ሳፋው ውስጥ እንዳሉ ቀሩ። ቦኖው ዳር የተሰለፉት ሴቶች ወሬያቸውን አቁመው ያዩን ጀመር።

«ለምን ጻፍክ?» አለችኝ። ድምጿን ከፍ አላደረገችም።

ብዙ መልስ ነበረኝ። ቤቴ ቅርብ ነው፣ ብቻዬን ነኝ፣ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀዋል፣ ደመወዝ አልመጣም፣ ባሌ ሞቷል። ሁሉንም ተውኩና፣ «ደክሞኝ ነው» አልኳት።

ጣቶቼን አየቻቸው። ከዚያ ፊቴን አየች።

«እኔም ይደክማል» አለች።

እጄን ወደ ሳፋው ሰድጄ አንዱን ማልያ ልይዝላት ስል ሳፋውን ወደ ራሷ ሳበችው። ሌላውን ልይዝ ስል እሱንም ሳበችው። አጠገቧ ቁጢጥ እንዳልኩ፣ ውሃው እስኪቆም ድረስ፣ አስራ አምስቱንም እሷው አጠበች፤ አንዱንም እንድነካ አልፈቀደችልኝም።